600 ቦርሳ በአምስት ስፌት ቤት፦ ትልቅ ትዕዛዝን ተካፍሎ የመሥራት ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያውን ትልቅ ትዕዛዝ ሳካፍል የላክሁት አንድ የድምፅ መልእክት ነበር። «ማንገቻው 60 ነው፤ በሉ በርቱ» አልኩና ተኛሁ።

ሦስት ስፌት ቤቶች ነበሩ። አንደኛው 60 ሴንቲ ቆረጠ፤ ጫፎቹን በየ3 ሴንቲው አስገብቶ ሰፋቸውና የሚታየው ማንገቻ 54 ሆነ። ሁለተኛው 60 ያልኩት የሚታየውን መስሎት 66 ቆረጠ። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው አደረገ። ግን የሱ ሜትር በአገልግሎት ብዛት ተለጥጦ ስለነበር 55 ተኩል ወጣለት። 400 ቦርሳ ደንበኛዋ ፊት ተቆለለ። ከሦስቱም ክምር አንዳንድ አንስታ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችና ወደ መስታወቱ ዞረች። ምንም አላለችም። ዝምታዋ ነው የገደለኝ።

ማንም አላጭበረበረም። ሁሉም 60 ነው የሠሩት።

ከዚያ ወዲህ ትዕዛዝ ሳካፍል ሁለት ነገር ሳልይዝ አልጀምርም። አንደኛው ሁሉም እጁ ይዞ የሚያየው ናሙና ነው። ሁለተኛው «ተበላሽቶ ከመጣ ኪሳራው የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አስቀድሞ የተጻፈ መልስ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ቴሌግራሙም ሰንጠረዡም፣ እነዚህን ሁለቱን ለመጠበቅ ነው። ምሳሌዬ የስብሰባ ቦርሳ ነው፤ አዲስ አበባ ስብሰባ አታጣም። ጫማም ሆነ ዩኒፎርም ለሚሠራ ግን አካሄዱ ያው ነው።

ደቦ ነው ወይስ ወንፈል?

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ይህንን ለዩ። ደቦ የጠራ ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፤ ጎረቤት ወጥቶ ያግዘዋል። ወንፈል ግን ሒሳብ አለው። ዛሬ የኔን ማሳ ካረምክ ነገ ያንተን አርማለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ ፕራግ ያለው የስሪዲ ማተሚያ (ከፕላስቲክ ዕቃ እያተመ የሚያወጣ ማሽን) አምራች ፕሩሳ የፊት መከላከያ ንድፍ በነፃ ለቀቀ። በየአገሩ ቤቱ ማተሚያ ያለው ሰው እያተመ ለጤና ባለሙያዎች ሰጠ። ያ ደቦ ነበር፤ ለክፉ ቀን የሚጠራ። ለንግድ ሥራ ሰው በደቦ መንፈስ ከጠራችሁ በሦስተኛው ቀን አንዱ ለቅሶ ይሄዳል፣ ሌላው «የራሴ ደንበኛ መጣብኝ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ምን አስሮት?

ጣልያን ውስጥ ፕራቶ የምትባል የጨርቅ ከተማ አለች። እዚያ ለረጅም ጊዜ የኖረው አሠራር ለኛ ይቀርበናል። ኢምፓናቶሬ የሚባል ሰው ትዕዛዝ ይይዛል። ክር መፍተሉን ለአንዱ፣ ሽመናውን ለሌላው፣ ማቅለሙን ለሦስተኛው ያካፍላል። የራሱ ፋብሪካ ላይኖረው ይችላል። ሥራው ማን ምን እንደሚችል ማወቅና ዕቃው ሲመለስ ማየት ነው። የሽሮ ሜዳውን የሐበሻ ቀሚስ አስቡት፤ ፈታይዋ፣ ሸማኔውና ሰፊው አንድ ቤት አይሠሩም። ኔትወርክ ብሎ የጠራው ሰው ስለሌለ ነው አዲስ የሚመስለን።

ስለዚህ አንድ ኢምፓናቶሬ ምረጡ። አስተባባሪ በሉት። ሁለት ከሆኑ የሚጠየቅ ሰው ይጠፋል። ውሉን የሚፈርመውም እሱ ወይም እሷ ስለሆነች የንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ያላት ትሁን።

«ስንት ታወጣለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ

ይህን ጥያቄ የተጠየቀ ሰፊ ሁሉ ጀግና ነው። 40 ይላችኋል። «ባለፈው ሳምንት ስንት አወጣህ?» በሉት። ያኔ ያስባል። መብራት የጠፋበትን ቀን ያስታውሳል፣ ልጁ የታመመበትን ያስታውሳል፣ 22 ይላል። እናንተ 20 ጻፉ።

ወቅቱንም እዩ። ነሐሴና መስከረም ላይ ስፌት ቤቱ ሁሉ በዩኒፎርም ተወጥሯል። የፋሲካ ዋዜማ ላይ የሐበሻ ልብስ የሚሰፋ ሰው ቦርሳ እሠራለሁ ካላችሁ አትመኑት።

ለ600 ቦርሳ በቀን 20 የሚያወጡ አምስት ቤቶች በቂ ናቸው። ስፌቱ ብቻ ስድስት የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ ለመሰናክል አንድ ጨምሩና ሰባት ያዙ። ጨርቅ ለመግዛትና ናሙና ለማስፀደቅ 5 ቀን፣ ለቆረጣና ለህትመት 4፣ ለቁጥጥር 2 ያዙ። 18 ቀን መጣ። ለደንበኛው ሦስት ሳምንት በሉት። ሁለት ሳምንት ካለ «አንችልም» ማለት ነውር የለውም።

ናሙና፦ የሚፈረምበት ቦርሳ

አንድ ሰው፣ በአንድ መኪና፣ በትክክለኛው ጨርቅና ክር ሰባት ቦርሳ ይስፋ። «ለጊዜው በዚህ ጨርቅ እንየው» የሚባል ናሙና መዘዝ ነው። ደንበኛው ሲስማማ ሰባቱም ላይ ከውስጥ በኩል፣ ማርክ በሚለጠፍበት ቦታ፣ ቀን ጽፎ ይፈርም። አንዱ እሱ ጋ ይቀራል። አንዱን አስተባባሪዋ ትይዛለች። አምስቱ ለአምስቱ ቤቶች ይሰጣሉ፤ ከመኪናው በላይ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። አይሸጡም፣ ጎረቤትም አይዋሳቸውም።

ከዚያ አንድ የተበላሸ ቦርሳ ሆን ብላችሁ ስፉ። ስፌቱ ይዝለል፣ አንዱ ማንገቻ ይጠምዘዝ፣ ቅምቅማቱ ይወላገድ። ጥፋቱ ያለበት ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አክብቡና ፎቶውን ለሁሉም ላኩ። «በጥራት ይሠራ» ብላችሁ አሥር ጊዜ ከምትናገሩ ይህ ፎቶ ይሻላል። ጥራት ለሁሉም ሰው የየራሱ ነው፤ ቀይ ክብ ግን አንድ ነው።

ልኩን በወረቀት ስትጽፉ የሚቆረጠውንና ተሰፍቶ የሚወጣውን ለየብቻ አስቀምጡ። የኔ 60 ያጠፋችኝ እዚች ላይ ነው። «ማንገቻ፦ ሲቆረጥ 60፣ ሲታይ 54» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ያቺን ሴት መስታወት ፊት አላቆማትም ነበር። ለሁሉም ቤት በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዛ አዲስ ሜትር ስጡ። የሜትር ዋጋ ከአንድ ቦርሳ ኪሳራ ያንሳል።

ቆረጣውን አታካፍሉ

ስፌት ይካፈላል፤ ቆረጣ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ምክንያቱን ያስተማሩኝ ጨርቅ ሲቆርጡ ያረጁ አንድ አባት ናቸው።

ቦርሳው ሲያልቅ ወርዱ 38፣ ቁመቱ 42 ሴንቲ ነው። ታች ላይ የሚታጠፍ አንድ ወጥ ጨርቅ ነው። ለጎንና ጎን ስፌት 1፣ 1 ሴንቲ ሲጨመር ወርዱ 40 ይሆናል። ቁመቱ ሁለት ጊዜ 42፣ ከላይ ለቅምቅማት 3፣ 3 ሲጨመር 90 ይሆናል። የካንቫሱ ወርድ 150 ነው። ሦስት ቦርሳ ጎን ለጎን 120 ይወስዳል፤ 30 ሴንቲ ይተርፋል። ማንገቻው ከዚያች 30 ሴንቲ መውጣት አለበት።

እኔ የማንገቻውን ወርድ 8 ብዬ ጽፌ ነበር። እሳቸው ጠመኔውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ለምን 8 ሆነ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። 8 ክብ ቁጥር ስለመሰለኝ ነው። «በ8 ከቆረጥሽ ከ30ዋ ሦስት ረድፍ ብቻ ይወጣል። በ7 ከሆነ አራት ረድፍ ነው።» ጨርቁ ላይ አሰመሩልኝ። በ9 ሜትር ጨርቅ 30 ቦርሳ ይወጣል። ለ30 ቦርሳ 60 ማንገቻ ያስፈልጋል። አራት ረድፍ፣ በየረድፉ 15 ማንገቻ፦ ልክ 60። በ8 ሴንቲ ግን 45 ብቻ። ለ600 ቦርሳ 300 ማንገቻ ይጎድላል። እሱን ለመሙላት ሌላ ከ10 ሜትር በላይ ጨርቅ ይገዛል። ለአንድ ሴንቲ! ሰባት ሴንቲው ጠርዙ ገብቶ ሲታጠፍ 2 ሴንቲ ተኩል ይሆናል፤ ለትከሻም አያንስም።

አምስት ሰው ለየብቻው ቢቆርጥ ይህንን ሒሳብ አምስት ዓይነት ነው የሚሠራው። ጨርቅ ከተበላሸ ደግሞ አይፈታም፤ ስፌት ይፈታል።

የሚያስፈልገው 180 ሜትር ነው፤ 5 በመቶ ጨምሩና 189 ግዙ። ሱቁ ውስጥ ወርዱን ራሳችሁ ለኩ፤ 150 ተብሎ 147 የሚወጣ ጨርቅ አለ፤ ያኔ አራተኛው ረድፍ አይገባም። ጣቃዎቹን በቁጥር ምልክት አድርጉባቸው። አንድ ዓይነት ነው የተባለ ቀለም ከጣቃ ጣቃ ይለያያል፤ በሱቁ መብራት አይታይም፣ ፀሐይ ላይ ይታያል። የአንድ ቦርሳ አካልና ማንገቻ ከአንድ ጣቃ ይውጣ። ክሩንም አንድ ላይ ገዝታችሁ ቆጥራችሁ አድሉ።

ሥዕሉ

ቦርሳው ላይ የሚታተመውን ሥዕል ለሕዝብ ጥሪ ማድረግ ፋሽን ነው። የሠራበት ቦታ አለ። ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ትሬድለስ ማንኛውም ሰው የቲሸርት ሥዕል እንዲልክ፣ ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥ፣ ያሸነፈው ታትሞ እንዲሸጥና ሠዓሊው እንዲከፈለው አደረገ። የሠራው ድምፅ የሚሰጠው ሰው ራሱ ገዢ ስለሆነ ነው። የናንተ ቦርሳ ግን የሚመረጠው በኮሚቴ ነው። 40 ወጣት ሠዓሊ በነፃ አሠርቶ አንዱን መክፈል ለኔ ጨዋነት አይመስለኝም። የድሮ ሥራቸውን እዩ፣ ሦስት ምረጡ፣ ለሦስቱም የንድፍ ክፈሉ፣ ከዚያ አንዱን ውሰዱ።

መብቱን በጽሑፍ ጨርሱ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ግን ሥዕሉ ለዚህ ቦርሳ ብቻ ነው ወይስ ለሚቀጥለው ዓመትም፣ ለቲሸርትም ጭምር የሚለውን እናንተው ነው መስማማት ያለባችሁ። ሁለት መስመር ይበቃል።

ለሠዓሊው ሁለት ነገር ንገሩት። በሲልክ ስክሪን (በፍሬም ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ ቀለም እየገፉ በማተም) እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ይፈልጋል፤ ስለዚህ በሁለት ቀለም ይጨርስ። ህትመቱ ደግሞ ከስፌት በፊት፣ ጨርቁ ተዘርግቶ እያለ ነው የሚሠራው። ቦርሳው ታች ላይ የሚታጠፍ አንድ ጨርቅ ስለሆነ በሁለቱም ፊት ከታተመ አንደኛው ተገልብጦ መታተም አለበት። አለዚያ ከኋላ በኩል ጽሑፉ በራሱ ይቆማል። ህትመትም እንደ ቆረጣው በአንድ ቤት ይለቅ።

ሲካፈል መቶውን አስቀሩ

600ውን ለአምስት እኩል 120፣ 120 አትስጡ። 100፣ 100 ስጡና መቶውን ያዙ። ፈጥኖና አሳምሮ የጨረሰ ከዚያ ላይ ይጨመርለታል። አንዱ ቤት ከታመመ ወይም መኪናው ከተሰበረ የሱን የሚወስድ ሰው ታውቃላችሁ ማለት ነው። ይህንንም ከመጀመሪያው በግልጽ ንገሯቸው፤ ኋላ ላይ «ለሱ አዳላሽ» እንዳይመጣ።

የተቆረጠው በአሥር በአሥሩ ታስሮ፣ የጣቃው ቁጥር ተጽፎበት ይሂድ። ተረካቢው ቆጥሮ ይፈርማል።

ቴሌግራም ላይ ሁለት ነገር ክፈቱ። አንዱ አስተባባሪዋ ብቻ የምትጽፍበት ቻናል ነው፤ ልክ፣ ፎቶና ቀነ ገደብ እዚያ ነው። ሌላው ሁሉም የሚያወራበት ግሩፕ። አንድ ላይ ካደረጋችሁት ልኩ በ«እንኳን አደረሳችሁ» ፎቶ ተቀብሮ ይቀራል። ልክ በድምፅ መልእክት አይነገርም። እኔ ይህንን ሕግ በገንዘብ ገዝቼዋለሁ። ለውጥ ከመጣ አሮጌውን አጥፉና አዲሱን ቁጥር ስጡት፦ ንድፍ 1፣ ንድፍ 2። ፕሩሳም የፊት መከላከያውን ባሻሻለ ቁጥር አዲስ ቁጥር ይሰጠው ነበር፤ አለዚያ ማን የትኛውን እያተመ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ማታ 12 ሰዓት ላይ ሁሉም ያለቀውን ቁጥርና አንድ ፎቶ ይልካል። ወሬ አያስፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ አምስት፣ ከዚያ ሁሉም

ማንም ቤት አምስተኛው ላይ ይቁም። አስተባባሪዋ ትሄዳለች። ፎቶ አይበቃም፤ በእጅ ይሳብ። ማንገቻውን ይዛችሁ ቦርሳው ውስጥ ሁለት ሊትር የውኃ ጠርሙስ ሁለት ከትታችሁ አወዛውዙት። ማንገቻው የተሰፋበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ መሃሉ ላይ ኤክስ ካልተሠራበት እዚያው ይናገራል። ስህተት አምስተኛው ላይ ከተገኘ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። መቶኛው ላይ ከተገኘ ጠብ ነው።

ሲያልቅ 600ውም ይታያል። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ብትሰጡት 10 ሰዓት ነው፤ ለሁለት ሰው የአንድ ግማሽ ቀን። ሦስት ክምር አድርጉ፦ ያለፈ፣ የሚስተካከል፣ የሞተ። የሚስተካከለው ወደ ሠራው ቤት ይመለሳል፤ ለማስተካከያ አይከፈልም። የሞተው ስፌት ገድሎት ከሆነ የስፌት ዋጋው አይከፈልም። ቆረጣ ወይም ህትመት ገድሎት ከሆነ ሰፊው ሙሉ ዋጋውን ያገኛል፤ ኪሳራው የአስተባባሪዋ ነው። ይህ መጨረሻው ካልተጻፈ ሁለተኛ ማንም አብሯችሁ አይሠራም።

እዚህ ላይ ጥብቅ ሁኑ። አምስተርዳም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው ስሪዲ ሀብስ ቤታቸው ማተሚያ ያላቸውን ግለሰቦች ከደንበኛ ያገናኝ ነበር። ሐሳቡ ያምር ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ማተሚያዎች ተመዝግበውበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ለግለሰቦቹ በሩን ዘግቶ ከተመረጡ ባለሙያ አምራቾች ጋር ብቻ መሥራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሮቶላብስ የተባለ የአሜሪካ አምራች ኩባንያ ገዛው። መሐንዲስ የሆነ ደንበኛ ከሁለት ጓዳ የወጣ ዕቃ አንድ ዓይነት እንዲሆንለት ይፈልጋል። እኛም አንድ ዓይነት ማድረግ ካቃተን ደንበኛው ወደ ፋብሪካ ነው የሚሄደው።

ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ

የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ ናቸው፤ የወቅቱን ዋጋ ራሳችሁ ተኩ። አንዱ ቦርሳ ያለ ቫት 300 ብር ተሸጠ እንበል። ጨርቅና ክር 140፣ ቆረጣ 10፣ ህትመት 25፣ ስፌት 80፣ ትራንስፖርት 10፣ ለሞቱ ቦርሳዎች መጠባበቂያ 10፣ አስተባባሪዋ 25። ይህ ወረቀት ለአምስቱም ቤቶች ይታያል። አዎ፣ የአስተባባሪዋም 25 ይታያል። ደላላ የሚጠላው በመብላቱ ሳይሆን ምን ያህል እንደበላ ስለማይታወቅ ነው። ለቫት የተመዘገባችሁ ከሆነ 15 በመቶ ከላይ ይጨመራል።

ጠቅላላው 180,000 ብር ነው። ጨርቅና ክር ብቻ 84,000 ይወስዳል። ስለዚህ ቀብድ ከግማሽ በታች አትቀበሉ፤ 90,000 ጨርቁን ሸፍኖ ለቆረጣ ይተርፋል። ሰፊው ሲረከብ ትንሽ ቀብድ ይሰጠው፤ ቀሪው ቦርሳው ቁጥጥር ባለፈ ቀን ይከፈል። «ደንበኛው ሲከፍለን እንከፍላለን» አይባልም። ትልልቅ ቢሮ ለመክፈል ወር ይፈጃል፤ ሰፊው የቤት ኪራይ አለበት። ይህንን ክፍተት የምትሸፍኑበት ገንዘብ ከሌላችሁ ትዕዛዙን አሳንሱ፣ ወይም ደንበኛው በሁለት ዙር ተረክቦ በሁለት ዙር እንዲከፍል ውሉ ውስጥ አስገቡ። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፣ ማስረጃው ይቀራል። ከየቤቱም ደረሰኝ ውሰዱ፤ አለዚያ ግብር ሲመጣ 180,000ው ሁሉ የአንድ ሰው ገቢ መስሎ ይታያል።

ከርክክቡ በኋላ

በሳምንቱ አምስቱን ቤቶች አንድ ላይ ጥሩ። ቡና ይፈላ። ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ስንት አለፈ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንት ሞተ። ከመጠባበቂያው 6,000 የተረፈ ካለ በሰፉት ቁጥር ልክ ይካፈላል። ማን የማንን ሥራ እንደወሰደም ደብተር ላይ ይጻፍ፤ የወንፈሉ ሒሳብ እሱ ነው። በሚቀጥለው ትዕዛዝ ያ ሰው ይቀድማል።

ወፍራም ጨርቅ የሚሰፋ መኪና አብሮ መግዛት የሚል ሐሳብ እዚህ ጠረጴዛ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ዕቁብ ግቡ፣ ጥሩ ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ፣ መርፌ የሰበረ ምን እንደሚያደርግ ጻፉ።

የተረፈው ጨርቅም አለ። ከ189 ሜትሩ ጥቂት ሜትር ሳይነካ ይቀራል፤ ሁለት ሦስት የሞቱ ቦርሳዎችም ይኖራሉ። ያንን ለአንድ ሰው ሸልሙ እንጂ አትሽጡ። እኛ ለቆራጩ አባት ሰጠናቸው። ለሠፈሩ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደብተር መያዣ ሰፍተው አደሉት፤ ማንገቻው 7 ሴንቲ ነበር።